ታሪክ በየቤቱ፦ ከኤረር በር እስከ ራስ ተፈሪ ቤት

ሐረር የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ ማታ ጅብ ሲመገብ አይቶ፣ ጠዋት ቡናውን ጠጥቶና ገዝቶ ይመለሳል። ሁለቱም ደስ ይላሉ፤ አትተዋቸው። እኔ ግን እናንተን ወዳጆቼን የምለምነው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የድሮዋን ከተማ በከበበው በጀጎል ግንብ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ለሙዚየሞቹ ስጡ። ምክንያቱም ሐረር ታሪኳን ያቆየችው በየቤቱ ነው፤ በሳሎን ግድግዳ፣ በሣጥን፣ በእናቶች ስፌት፣ ከአያት ለልጅ ልጅ በሚተላለፍ መጽሐፍ ውስጥ። በአገራችን የመጀመሪያው የግል ሙዚየም ተብሎ የሚታወቀው ሙዚየም የተከፈተው በዚህች ከተማ፣ በአንድ ሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ይዛችሁ ከገባችሁ በመስታወት ውስጥ የተደረደረው ዕቃ ሁሉ ወደመጣበት ቤት መልሶ ይወስዳችኋል።

መንገዱን ከኤረር በር እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ምክንያቴን እነሆ።

በሩ

ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ኤረር በር፣ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ቡዳ በርና ሰንጋ በር። ዛሬ መኪና የሚገባበት ሰፊው ሐረር በር ከእነዚህ በኋላ የመጣ ስድስተኛ ነው። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከተማዋን የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከፍታው 4 ሜትር ያህል ሲሆን የሚያቅፈው መሬት 48 ሄክታር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ዩኔስኮ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮችን ቆጥሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

እያንዳንዱ በር የሚመለከተው መንገድና የሚቀበለው ሕዝብ አለው። ከተማዋም በውስጥ በኩል በበሮቹ ስም በአምስት ሰፈር ትከፈላለች። ኤረር በር ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር ሸለቆና ወደ አርጎባ መንደሮች ነው፤ ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ አርጎብ በሪ ይሉታል። ዛሬም ቢሆን ገበሬዎች ጫቱን፣ አትክልቱንና ማገዶውን ይዘው በዚህ በኩል ይገባሉ። የኦሮሞና የአርጎባ ሴቶች ያሸበረቀ ልብሳቸውን ለብሰው ገበያው ዳር ሲቀመጡ፣ በሩ ለምን እንደተሠራ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ግንቡ ጠላትን ይከላከላል፤ በሩ ግን የተሠራው ለገበያ ነው። ከገጠር ምግብ ካልገባ፣ ከከተማም ጨርቅና ጨው ካልወጣ ሁለቱም ወገን አይኖሩም ነበር።

በቀድሞው ሥርዓት በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። እንግዳም መሣሪያውን ሳያስረክብ አይገባም ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ወደ ከተማዋ የገባው በዚህ በኤረር በር ነው ተብሎ ይነገራል። ለ10 ቀን ያህል ተቀምጦ አሚር አሕመድ ኢብን አቡበከርን አግኝቶ ወጣ፤ በዓመቱም ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች የሐረርን ታሪክ ከእሱ ጉብኝት ይጀምራሉ። ልብ በሉ ግን፤ በርተን ሲደርስ ግንቡ ከቆመ 300 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በ1647 በአሚር ዓሊ ኢብን ዳውድ የተመሠረተው የአሚሮች መንግሥትም ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። ሙዚየሞቹን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከተማዋ ራሷ ስለ ራሷ የምትናገረው እዚያ ነውና።

ቤቱ

ከኤረር በር ሳትርቁ የሐረሪ የባህል ማዕከልን ታገኛላችሁ፤ በጥንቱ ሥርዓት የተሰናዳ የሐረሪ ቤት ነው። ከሌሎቹ ሙዚየሞች በፊት እዚህ ግቡ። የሐረሪን ቤት ማንበብ ያልቻለ ሰው በሌላው ሙዚየም የሚያየው ስፌትና ሣጥን ትርጉሙን አይሰጠውም።

ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የሚታያችሁ ወንበር የሌለበት ሰፊ ክፍል ነው። በወንበር ፋንታ ወለሉ ራሱ ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ መቀመጫ ሆኗል። ይህን መደብ ነደባ ይሉታል። አምስት ነደባ አለ፤ እያንዳንዱም ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የገባውንና የወጣውን ያያል። ግድር ነደባ ትልቁ መደብ ሲሆን ቤተሰቡንና እንግዳውን ያስተናግዳል። ጢት ነደባ ትንሹ ነው፤ በዕድሜም በማዕረግም ዝቅ ያሉት ይቀመጡበታል። ገብቲ ሄር ነደባ በበሩ ወገን ነው። ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከመግቢያው ዓይን የተሰወረ ነው።

ይህ ምን ያስተምረናል? በዚህ ቤት ውስጥ «የት ልቀመጥ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ወለሉ ይናገራል። ልጅ ሆኖ እዚህ ያደገ ሰው አክብሮትን የሚማረው በቃል ከሚነገረው ምክር በፊት ከመቀመጫው ነው። ሽምግልና ሲኖር፣ ሰርግ ሲኖር፣ ሐዘን ሲኖር ማን ከማን ጎን እንደሚሆን ቤቱ አስቀድሞ ወስኖታል።

አሁን ቀና በሉ። በግድግዳው ውስጥ መስኮት የሚመስሉ፣ ግን ወደ ውጭ የማያሳዩ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ፤ በተለምዶ 11 ናቸው። ቁርዓን፣ ማሰሮ፣ የቤት ጌጥ ይቀመጥባቸዋል። በጎን በኩል ኪርተት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀኖቻቸውን የሚያሳልፉባት ናት። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ ቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለችው ማለት ነው። ልጁን ለመዳር የሚፈልግ ቤተሰብ አፍ ሳይከፍት ይህን አይቶ ይመለስ ነበር።

መደቦቹና ወለሉ ቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው። ስለዚህ ቀለም አስጎብኚዎች የሚነግሯችሁ ታሪክ አለ፤ በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የወደቁት ሐረሪዎች ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። በዚያ ጦርነት የንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት የመጨረሻውን አሚር፣ አሚር አብዱላሂን ድል አድርጎ ሐረርን ያዘ። ቀለሙ ከዚያ በፊት ይኑር አይኑር ለታሪክ ተመራማሪ እንተወው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን፣ ሰዎች የደረሰባቸውን ሐዘን በየቀኑ በሚረግጡትና በሚቀመጡበት ወለል ላይ ማስታወሳቸው ነው። ሐውልት ማቆም ያልቻለ ሕዝብ ቤቱን መታሰቢያ አድርጎታል።

ስፌቱ

በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ጌጥ ነው ብላችሁ አትለፉት። የሐረሪ ሴቶች ስፌት በዓለም ላይ የታወቀ ሙያ ነው፤ ቀለሙ፣ የክሩ ጥብቀት፣ የቅርጹ ልክ በዓይን ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ልጃገረዶች ሙያውን የሚማሩት ሞይ ጋር በሚባል፣ እኩዮች ተሰብስበው በሚሰፉበት ቤት ነበር። አንዲት ባለሙያ ሴት ታስተምራለች፤ ልጆቹ እየሰፉ ይዘፍናሉ፣ ወሬ ይሰማሉ፣ ሥርዓት ይማራሉ።

ስፌቱ የሚሰቀለውም እንደተገኘ አይደለም፤ ቦታና ቅደም ተከተል አለው። ለሰርግ የሚሰጥ አለ፣ ለአማት የሚሰጥ አለ፣ ለምግብ ማቅረቢያ የሚሆን አለ፣ ሽቶና ዕጣን የሚቀመጥበትም አለ። ስለዚህ አንዲት የሐረሪ እናት ግድግዳዋን ስታሳያችሁ የምታሳያችሁ የዘመዶቿን ዝርዝር ነው፤ ይህን ማን ሰፋው፣ ያንን ማን አመጣው፣ ይኼኛው ለየትኛው ሰርግ ነበር። በሙዚየም ውስጥ አንድ ስፌት ስታዩ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ለማን ተሰፋ?» የሚል ይሁን።

የሰውየው ሥራ

አሁን ቤቱን ማንበብ ስለቻላችሁ በጠባቦቹ የጀጎል መንገዶች ወደ መሀል ከተማ እንሂድ፤ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት፣ ወደ ሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም።

የሙዚየሙ መሥራች አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ናቸው። በትምህርት ቤት ስለ ሐረር ታሪክ ሳይማሩ ካደጉት ትውልድ ናቸው፤ «እኛ ማን ነን? ከተማችን ከየት መጣች?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አብሯቸው አደገ። በ1991 የሥርዓት ለውጥ ሲመጣና ብሔረሰቦች ስለ ባህላቸው በአደባባይ መናገር ሲጀምሩ፣ እሳቸው መልሱን ከመጽሐፍ ሳይጠብቁ ከሰዉ ቤት መፈለግ ጀመሩ። የቆዩ ዘፈኖችን የያዙ ካሴቶችን፣ ሳንቲሞችን፣ የሴቶች ጌጣጌጥን፣ ልብስን፣ ጎራዴና ጋሻን፣ ከሁሉም በላይ የእጅ ጽሑፎችን ሰበሰቡ። በ1998 የመኖሪያ ቤታቸውን ለጎብኚ ከፈቱ። ስብስቡ ቤቱን ሲሞላው፣ በ2007 ወደ ታደሰው የራስ ተፈሪ ቤት ተዛወረ።

ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። የእጅ ጽሑፍ በሐረር ተራ ንብረት አይደለም። ቁርዓን ነው፣ የጸሎት መጽሐፍ ነው፣ የአያት መታሰቢያ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ እየተገለጠ ይነበባል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ከቤቱ አውጥቶ ለሌላ ሰው መስጠት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሰዉ «ለምን ፈለገው?» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሰው እምነቱን የሰጠው ዕቃው ከከተማዋ እንደማይወጣና ለሁሉም እንደሚታይ ካየ በኋላ ነው። ዛሬ ሙዚየሙ ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች አሉት። እያንዳንዱ ከአንድ ቤት የወጣ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ፈቃድና አደራ አለበት።

መጽሐፎቹ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የሙዚየሙ ልብ ይህ ነው።

ደገኛ የሆንን ሰዎች የጥንት መጽሐፍ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ብራና ነው፤ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆ፣ በግዕዝ ተጽፎበት። የሐረር መጻሕፍት ግን የተጻፉት በወረቀት ነው፤ ወረቀቱም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ለሙስሊሙ ዓለም ገበያ ወረቀት ይሠሩ ከነበሩት መካከል የጣሊያን ወፍጮዎች ይገኙበታል። አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን ብታነሡት በውስጡ ሦስት ጨረቃዎች የተደረደሩበት ምልክት ሊታይ ይችላል፤ የብር ኖት ወደ ብርሃን ስናነሣ በውስጡ እንደሚታየው ምስል ማለት ነው። ተመራማሪዎች ጸሐፊው ቀን ያልጻፈበትን መጽሐፍ ዘመን ለመገመት ከሚረዷቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። እስቲ አስቡት፤ በቬኒስ አካባቢ የተሠራ ወረቀት በቀይ ባሕር አልፎ፣ በግመል በረሃውን አቋርጦ፣ በጀጎል ውስጥ በአንድ ሊቅ እጅ ቁርዓን ሆነ።

ቋንቋው በአብዛኛው ዓረብኛ ነው። ነገር ግን ሐረሪዎች የራሳቸውን ቋንቋም በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ከእነዚህ ሥራዎች ጥንታዊና ታዋቂ የሆነው ኪታብ አል-ፈራኢድ የሚባለው ነው። ሐረሪ ከአማርኛ ጋር አንድ ዘር ያለው ሴማዊ ቋንቋ በመሆኑ፣ አስጎብኚያችሁ ጥቂት ቃላት ቢያነብላችሁ ጆሯችሁ የሚያውቀው ነገር ያገኛል።

የሐረር ጸሐፊዎች ሥራ ከአገር ውጭም ደርሷል። በ1749 በሐረር የተጻፈ አንድ ቁርዓን በዓለም ካሉት ታላላቅ የእስልምና ጥበብ ስብስቦች በአንዱ፣ በኸሊሊ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ዕድሜ ለእነ አቶ አብዱላሂ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ለማየት ዛሬ ባሕር ማቋረጥ አያስፈልገንም።

አሁን መጽሐፉን ዝጉትና ሽፋኑን ተመልከቱ። ሐረር በመጽሐፍ ጥረዛ የታወቀች ከተማ ነበረች፤ ብዙ ነገር የማይወደው በርተን እንኳ የሐረርን ጥረዛ ከፋርስ በቀር የሚበልጠው እንደሌለ መስክሯል። ቆዳው በጠንካራ ሽፋን ላይ ይለጠፋል፤ ጌጡ በመሣሪያ ተጭኖ በቆዳው ላይ ይታተማል። ከግራው ሽፋን ደግሞ ታጥፎ የመጽሐፉን ጫፍ የሚሸፍን ምላስ ይወጣል። ይህ ምላስ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አቧራ እንዳይገባ፣ የወረቀቱም ጠርዝ እንዳይበላ ይጠብቃል።

ሙያው ግን ሊጠፋ ደርሶ ነበር። የታተመ መጽሐፍ ሲመጣ የጠራዡ ገበያ ቀዘቀዘ፤ የመጨረሻዎቹ አዋቂዎችም እያረፉ ሄዱ። አቶ አብዱላሂ የጥንቱን ጥረዛ ከሚያስታውሱ ሰዎች ተምረው፣ ሥልጠናም ወስደው፣ የተጎዱ መጻሕፍትን በሙዚየሙ ውስጥ መጠገንና እንደገና መጠረዝ ጀመሩ፤ ለሌሎችም አስተማሩ። ሙዚየም ዕቃ ከማስቀመጥ አልፎ ሙያ ሲያስቀጥል ማየት ከፈለጋችሁ እዚህ ታያላችሁ።

ሳንቲሙና ሁለቱ ቤቶች

ከሳንቲሞቹ ፊት ጥቂት ቆዩ። ሐረር የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር፤ መሐለቅ የሚባለው ትንሽ ሳንቲም የአሚሮቹን ስም ይዞ በገበያው ይዘዋወር ነበር። ገንዘብ መምታት ራስን የማስተዳደር ምልክት ነው። ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ከተማዋን ሲይዙ፣ ከዚያ አሚር አብዱላሂ ሲመለሱ፣ ከዚያም ምኒልክ ሲገቡ ገንዘቡም አብሮ ተቀያየረ። በምኒልክ ዘመንም በሐረር የተመታ መሐለቅ የሚባል ትንሽ የብር ሳንቲም አለ፤ ገዢው ሲለወጥ የገበያው ቃል ጸንቷል። ማርትሬዛ ብርም ከጎናቸው ተቀምጧል። አንድ መደርደሪያ ብቻ አይታችሁ የመቶ ዓመት የፖለቲካ ታሪክ ትከታተላላችሁ።

ዕቃዎቹን የያዘው ቤት ራሱም ይነበባል። የሕንድ ነጋዴ እጅ ያለበት ሕንፃ ነው፤ እንጨት ሥራው፣ በረንዳው፣ የበሩ ቅርጽ ያንን ይመሰክራል። ስሙን ያገኘው በ1910 የሐረር ገዢ ሆነው ከተሾሙት ከደጃዝማች ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። የጨለንቆ ድል አድራጊ ወገን ገዢ የነበሩበት ቤት ዛሬ የአሚሮቹን መጻሕፍት፣ የሐረሪ እናቶችን ጌጥና ስፌት ያኖራል። ይህን ሳይ ተስፋ ይሰማኛል። ያቆሰለን ታሪክና የሚያኮራን ታሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው፣ ሁሉም በየራሱ ዓይን ሊያያቸው ይችላል።

በአቅራቢያው የራምቦ ቤት አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ የአንድ የኤደን የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ገባ፤ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ፎቶ አነሣ። በ1891 በእግሩ ሕመም ምክንያት በቃሬዛ ወጥቶ በዚያው ዓመት ማርሴይ ውስጥ ሞተ። ባለቀለም መስታወቱ የሚያምረው ይህ ቤት እሱ ከሄደ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ እሱ አልኖረበትም። ግን ግቡ፤ በውስጡ ያሉት የድሮ ፎቶግራፎች ከተማዋ በዚያን ዘመን ምን ትመስል እንደነበር ያሳያሉ። ከዚያ ወጥታችሁ መንገዱን ስትሄዱ ምን እንደተለወጠና ምን እንደቆየ ራሳችሁ ታወዳድራላችሁ።

ስትሄዱ

ጥቂት ምክር ልጨምር። ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብና ብዙ ነውና አስጎብኚ ያዙ፤ የከተማዋ ልጅ ቢሆን ይመረጣል፤ የቤቶቹን ባለቤቶች ያውቃልና። ዓርብ ከቀትር በፊትና በኋላ የጸሎት ሰዓት መሆኑን አስቡ። ቤት ስትገቡ ጫማ አውልቁ፤ የት እንደምትቀመጡ ሲያሳዩአችሁ ተቀመጡ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የእጅ ጽሑፍ ካሳዩአችሁ ሳይፈቀድላችሁ አትንኩ፤ ላብ ያለበት እጅ ቆዳውንም ቀለሙንም ይጎዳል። አዋቂ ሰው ስታገኙ ደግሞ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ፤ በሐረር ብዙው ታሪክ ገና በቃል ነው ያለው።

የመጨረሻው ምክሬ ወደ ሐረር ለማትሄዱትም ነው። የአቶ አብዱላሂ ዘዴ ገንዘብ ሳይኖር የሚጀመር ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ታማኝነት ነው። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ደሴ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ በእናታችሁ ቤት ሌማት፣ መሶብ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የአያት ካባ ወይም የድሮ ፎቶ አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ሠራው? ለምን ሥራ ነበር? ከማን ለማን ተላለፈ? መልሱን በወረቀት ጻፉና ከዕቃው ጋር አኑሩት። ዕቃ ያለ ስም ከቆየ በሁለት ትውልድ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ይሆናል፤ ስሙ ካለ ግን ታሪክ ነው። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ደውሉላቸውና ከአንዱ ጀምሩ።